ተራራ ያልነው አውሬ

ሐሙስ ዕለት ዝናብ ነበር። ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ስወጣ ወንድሜ ጀማል ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ይጠብቀኛል። እንዲህ የሚያደርገው ሲዘንብ ብቻ ነው። በደረቅ ቀን "እግር አለህ አይደል?" ይለኛል። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጆንያ አቅፈው ተቀምጠው ነበር። ከጎናቸው ገባሁ። ጀማል የጎኑን ሸራ አወረደልንና ጉዞ ጀመርን።

የረጠበ ሸራ ሽታ አለው። ላስቲክ ላስቲክ፣ ትንሽም የቆየ አቧራ ይሸታል። ያ ሽታ ሲመጣ ሁለታችንም ስለ አንድ ነገር እንደምናስብ አውቃለሁ። ልዩነታችን፣ እኔ ዝም እላለሁ፤ እሱ ያወራዋል።

"አባ" አላቸው ሽማግሌውን በመስታወት እያየ፣ "እኔ እኮ በልጅነቴ ተራራ የሚያክል አውሬ ልገድል አንድ ምት ነው የቀረኝ።"

"የት ነው እሱ?"

"እዚሁ ከሚሴ።"

"ከሚሴ! አሁንም አለ?"

"አለ እንጂ። አልሞተማ።"

"ወላሂ?" ሽማግሌው ጆንያቸውን ጠበቅ አደረጉ። "እኔ ከብቶቼን ጨፋ ሜዳ ለቅቄ እኮ ነው የመጣሁት!"

ጀማል መሪውን በመዳፉ እየመታ ሳቀ። "በቴሌቪዥን ነው አባ። የልጆች ጨዋታ ነው።"

"አይ አንተ! ሽማግሌ ታስደነግጣለህ?" አሉና እሳቸውም ሳቁ።

"ያን ቀን መብራት ባይጠፋ ኖሮ" አለ ጀማል። ወሬውን ሁልጊዜ የሚጨርሰው በዚህ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ነው የጨረሰው።

መብራት አልጠፋም ነበር። ሶኬቱን የነቀልሁት እኔ ነኝ። ይህን ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። ልነግረው ያሰብሁበትን ቀን ቁጥሩን አላውቀውም። ሐሙስ ዕለትም ሽማግሌው ከወረዱ በኋላ "ጀማል፣ ያን ቀን…" ብዬ ጀምሬ ነበር።

"እ?" አለኝ። የዝናቡ ድምፅ ከባድ ነበር።

"ምንም።"

"ምንም ካልሆነ ውረድ፤ ደርሰናል" አለኝ።

ወረድሁ። በማግስቱ ጀማል ሞተ። ስለ ሞቱ በኋላ እጽፋለሁ። አሁን እጄ እምቢ ይላል። መጀመሪያ ስለዚያ ክረምት ልጻፍ።

እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ጀማል አሥራ ስድስት። አሥረኛን ጨርሶ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እሱ በሄደበት ሁሉ እከተለው ነበር። የሚሄድበት ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የእቴ ዘሃራ ጌም ቤት።

እቴ ዘሃራ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው ከዓረብ አገር ቴሌቪዥንና የጌም ማሽን ላከላቸውና፣ እንጨት አቁመው ሸራ ጥለው ከግቢያቸው ግድግዳ ጋር ቤት አደረጉት። ሲዘንብ ሸራው መሐሉ ላይ ውኃ ይቋጥራል፤ በመጥረጊያ እጀታ ወደ ላይ ገፍተን እናፈስሰዋለን። እሳቸው ስለ ጨዋታው የሚያውቁት አልነበረም። የሚፈልጉት ውኃ ነው። ቦኖው ሩቅ ስለሆነ እኛ ቢጫ ጀሪካን ተሸክመን እናመጣለን፣ እሳቸው ከሰዓት ሙሉ ያጫውቱናል።

ሲዲው አንድ ነበር። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ዓረብኛም እንግሊዝኛም አልነበረም። አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ከደሴ የተዛወሩት ዳዊት እንግሊዝኛ ያነባል ይባል ነበር፤ እሱም ወደ ብርሃን አዘንብሎ አየውና "ይሄ የሰው አይደለም" አለ። የማሽኑ ሜሞሪም ተበላሽቷል። ምዕራፉን ብቻ ይይዛል፤ ትናንት የደረስህበት ቦታ ዛሬ የለም። ሁልጊዜ ከምዕራፉ መጀመሪያ ነው።

ጨዋታው ውስጥ ገመድና ሰይፍ የያዘ አንድ ትንሽ ሰው አለ። በየምዕራፉ መንገዱን ይጨርስና መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ ጠላት ያገኛል። ይገጥመዋል፣ ያልፋል። ይህን ለምደነው ነበር። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ግን ጠላት የለም። ዝናብ የሚዘንብበት፣ ሣር የበቀለበት፣ ነጫጭ ወፎች የሰፈሩበት አንድ ትልቅ ተራራ ብቻ። ጀማልና ዳዊት ሦስት ቀን ሙሉ ጠላት ፈለጉ። ዋሻ ፈለጉ፣ በር ፈለጉ። ላም የጠፋበት ሰው እንደሚፈልገው ሥሩንም ጫፉንም ዞሩት።

"ምናልባት ሞቶ ይሆን?" አልሁ እኔ።

"ሳንገድለው?" አለ ዳዊት።

በአራተኛው ቀን ሁሴን መጣ። ሁሴን የጨፋ ልጅ ነው፤ በየቀኑ ለእቴ ዘሃራ ወተት ያመጣል። ጌም ነክቶ አያውቅም። የወተቱን ጀሪካን አስቀምጦ በር ላይ ቆሞ አየን፣ አየን፣ ከዚያ፣

"ተራራ አይደለም ይሄ" አለ።

"ምን ይሁን?" አለው ጀማል ዓይኑን ሳያነሣ።

"ሎን።"

ሎን በኦሮምኛ ከብት ማለት ነው። ዳዊት ሳቀ። ሁሴን አልሳቀም። በጣቱ ስክሪኑ ላይ ነጫጭ ወፎቹን አሳየን። "ሳቢሳ ናት። ሳቢሳ ድንጋይ ላይ ምን ትበላለች? ከብት ላይ ነው የምትሰፍር። እያት፣ መዥገር ትለቅማለች።"

ጀማል ሰይፉን መዝዞ መሬቱን ወጋ።

መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ወፎቹ ተነሡ። ተራራው በሙሉ ቀስ ብሎ ተነሣና ቆመ፤ ትንሹ ሰውዬ ተንሸራቶ ወደቀ። ሁላችንም አንድ ላይ ጮኽን። እቴ ዘሃራ ማንኪያ ይዘው ሮጠው መጡ፤ እሳት የተነሣ መስሏቸው።

"ሦስት ቀን ሙሉ እላዩ ላይ ነው የምንሄደው!" አለ ጀማል። "መንገዱ ራሱ ጠላት ነው!"

ያን ማታ አልተኛሁም ማለት ይቻላል። በማግስቱ ከመስጊዱ በስተጀርባ ያለውን ኮረብታ ቆሜ አየሁት። ነጭ ወፍ ሰፍሮበታል። እናቴን ጠየቅኋት፣ "ይሄ ኮረብታ ተነሥቶ ያውቃል?" እናቴ ግንባሬን ዳሰሰችና ትኩሳት የለኝም ብላ ለቀቀችኝ።

አውሬውን አንድ ሰው ሊጨርሰው እንደማይችል ቶሎ ገባን። ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሰላት፣ በኋላ ጀምረህ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ይደርሳል። እጅ ይደክማል። እግሩን ያለፈ ጀርባው ላይ ይወድቃል፣ ጀርባውን ያለፈ አንገቱ ላይ ይወድቃል፣ ከወደቀ ደግሞ እንደገና ከእግሩ ነው። ጀማል አንድ ቀን ጆይስቲኩን መሬት ላይ አኖረና እንዲህ አለ፦

"ማሳ ሲሰፋ ሰው ምን ያደርጋል?"

"ደቦ ይጠራል" አለ ሁሴን።

"በቃ። ደቦ ነው።"

አውሬውን እንደ ማሽላ ማሳ ተከፋፈልነው። እግሮቹ የሁሴን። ጣቶቹ ጆይስቲክ አያውቁም እንጂ ከብት ያውቃል። "መዥገር የት እንደሚይዝ ታውቃላችሁ?" ይለናል፤ "ጅራት ሥር፣ ብብት፣ ጆሮ ጀርባ። ቆዳው የሚሳሳበት።" እውነትም የሚወጉት ቀያይ ቦታዎች እዚያው እዚያው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ትንሹን ሰውዬ መዥገሩ አልነው። አንገቱና ቀንዱ የዳዊት፤ መዝለል የሚችል እሱ ነው። ጭንቅላቱ የጀማል።

ጀርባው ለእኔ ተሰጠኝ።

ጀርባው ላይ የሚወጋ ነገር የለም። ሜዳ ነው። ሣር አለ፣ ቁጥቋጦ አለ፣ ጣራ የሌላት አንዲት የድንጋይ ቤት አለች። ከጅራት እስከ አንገት መሄድ ብቻ ነው። ሲንቀጠቀጥ ሣሩን ይዞ መተኛት።

"ለምን እኔ ጀርባውን?" አልሁት ጀማልን።

"አንተ ቀላል ስለሆንህ። ስትሄድበት አይሰማውም።"

አመንሁት። ጆይስቲኩን በጣቶቼ ጫፍ ነበር የምይዘው። ትንፋሼንም እይዝ ነበር። ዳዊት አይቶኝ ሊስቅ ሲል ጀማል በክርኑ ጎሸመው፤ ያን ጊዜ ለምን እንደጎሸመው አልገባኝም። ግን አንድ ነገር እኔ ብቻ አገኘሁ። ከመንቀጥቀጡ በፊት ወፎቹ ይነሣሉ። አንዷ ክንፏን ስትዘረጋ ሣሩን ከያዝህ አትወድቅም። ይህን ስነግራቸው ጀማል "ማሻአላህ! የጀርባው ባለቤት!" ብሎ አንሥቶ ሸራው እስኪነካኝ ወደ ላይ ወረወረኝ።

ሥራ ሲጀመር ጀማል "ያ ጀመዓ!" ይላል፣ እናንተ ሰዎች እንደማለት፤ እኛ "ሆ!" እንላለን። በደቦ የሚሳሳት አይሰደብም፤ ይህ የእሱ ሕግ ነበር። ሁሴን አንዴ ከጉልበቱ ላይ አሥር ጊዜ ሲወድቅ ማንም አልተናገረውም። እሱ ራሱ ግን አውሬውን በኦሮምኛ ይሰድበው ነበር። "ማሎ!" ይለዋል ደግሞ ሲጨንቀው፤ እባክህ ማለት ነው። መጀመሪያ ሰድቦ ከዚያ መለመን።

የከሰዓቱ ሰላት፣ አስር፣ ሲደርስ ጨዋታው ይቆማል። እቴ ዘሃራ በዚህ ቀልድ አያውቁም። አዛኑ ከመጀመሩ ነጠላቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ጣል ያደርጋሉ። ማሽኑን ማጥፋት አንችልም፤ ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል። እና ዳዊት ይጠብቃል። እሱ ክርስቲያን ስለሆነ ከእኛ ጋር መስጊድ አይሄድም፤ ከተሸፈነው አውሬ ፊት ለፊት ዱካ ላይ ቁጭ ይላል።

"አደራ" ይለዋል ጀማል።

"አብሽር፣ አልነካውም" ይላል ዳዊት። አብሽርን፣ አይዞህ ማለትን፣ የተማረው ከእኛ ነው።

ስንመለስ እንዳለ እናገኘዋለን። እጆቹን ጭኖቹ መሐል አድርጎ፣ ነጠላውን እያየ።

እቴ ዘሃራ ማታ ማታ ሲዘጉ አንድ ጥያቄ ነበረቻቸው። "ዛሬስ ሞተ?"

"አልሞተም እቴ።"

"ምስኪን። ምን በድሏችሁ ነው? ወፍ አስፍሮ፣ ሣር አብቅሎ የተኛ ፍጥረት።"

"ጨዋታ ነው እኮ እቴ" ይላል ጀማል።

"ለእናንተማ ጨዋታ ነው።"

እኔ በዚህ ነገር ማሰብ ጀምሬ ነበር። አውሬው ሲወድቅ ያቺ የድንጋይ ቤት ምን ትሆናለች? ወፎቹስ? ግን ይህ አይደለም ያስነቀለኝ። እንደዚያ ብል ራሴን አሳምሬ መጻፌ ነው።

ጳጉሜ ሲቃረብ አንድ ቀን ጀሪካን ይዤ በጓሮ በኩል ስገባ ጀማል ከእቴ ዘሃራ ጋር ሲያወራ ሰማሁ።

"ባቲ አጎቴ ጋ ሱቅ ልሠራ ነው። አባቴ ቆርጧል" አላቸው።

"መቼ?"

"ይሄን አውሬ እንጨርስና በማግስቱ፣ ኢንሻአላህ።"

እሱ እየቀለደ ነበር። አሁን አውቃለሁ። ለእኔ ግን ቃሉ ቃል ነው። አውሬው ከሞተ ጀማል ይሄዳል። አውሬው ካልሞተ አይሄድም። ጀሪካኑን አስቀምጬ ሄድሁና እኔ ጀርባው ላይ በገባሁ ቁጥር መውደቅ ጀመርሁ። ወፎቹ ሲነሡ እያየሁ ሣሩን አልይዝም። አራት ቀን ሙሉ መዥገሩን ጣልሁት። ማንም አልተናገረኝም፤ ደቦ ነዋ። ሁሴን ብቻ "ደክሞህ ነው፣ ውኃ አትሸከም" ብሎ የእኔንም ጀሪካን ተሸከመልኝ። ያን ጊዜ በጣም አፈርሁ። በአምስተኛው ቀን መውደቅ አቃተኝ። በደንብ ሄድሁ።

ያን ቀን ሁሉም ያምር ነበር። ሁሴን ከእግር እግር እንደ ዝንጀሮ ተሻገረ። እኔ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልንሸራተት ሜዳውን ጨረስሁ። ዳዊት ከቀንድ ወደ ቀንድ ሲዘል ዓይኑን የጨፈነ መሰለኝ። ጀማል ጭንቅላቱ ላይ ወጣ። ሁለት ዓይን ነበረው፤ አንደኛውን ወጋ። አውሬው ተንበረከከ። ከቴሌቪዥኑ እንደ በሬ ያለ ድምፅ ወጣና ሸራውን አንቀጠቀጠው። ዝናቡ ይወርዳል። ሦስቱም ቆመዋል።

እኔ ግድግዳው ሥር፣ ሶኬቱ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ጀማል ሁለተኛው ዓይን ላይ ሰይፉን አነሣ። እጄ ከኋላዬ ሄደ። ገመዱን ያዝሁና ሳብሁት።

ስክሪኑ ጠቆረ።

ሁሴን ጭንቅላቱን ይዞ "ያ ረቢ! መብራት!" አለ።

"ወፍጮ ቤቱ ግን ይሰማል እኮ" አለ ወዲያው ራሱ።

"እሱ በናፍጣ ነው" አለው ዳዊት።

መንደሩን ለማየት ወደ በሩ ወጡ። እኔ ገመዱን መልሼ ሰካሁት። የስታብላይዘሩ ቀይ መብራት በራ። "መጣ! መጣ!" ብለው ተመለሱ። ማሽኑ ግን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ዝናብ፣ ሣር፣ ነጫጭ ወፎች፣ ተራራ።

እያለቀስሁ ነበር። ጀማል አየኝ። እሱ፣ የተሠራበት ሰው፣ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለና ራሴን ወደ ደረቱ ሳበው። "አብሽር ኑርዬ" አለኝ። "አብሽር። እንኳን መብራት ሰውም ይሄዳል። ነገ እንገድለዋለን።"

በነገታው የአጎቴ ሰው ከባቲ መጣ። ቀኑ ከመጀመሪያውም የተቆረጠ ነበር፤ እኔን የነገረኝ አልነበረም እንጂ። በሦስተኛው ቀን ጀማል ልብሱን በፌስታል ይዞ ሚኒባስ ላይ ወጣ። አውሬው አልሞተም። ጀማል ግን ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሕይወታችንን አልጽፍም። ከባቲ ተመለሰ፣ ባጃጅ ነዳ። አንድ ጊዜ ስልኬ ላይ ያንን ጨዋታ ሌላ ሰው ሲጨርሰው የሚያሳይ ቪዲዮ ፈልጌ ላሳየው ብል ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ አደረገው። "በሌላ ሰው እጅ የሞተ አውሬ ምኑ ይጣፍጣል?" አለኝ። ያን ጊዜም አልነገርሁትም።

አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ። የጭነት መኪና ነው። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበርነው። ከመቀበሩ በፊት ሼሁ እንደ ልማዱ ወደ ሰዉ ዞረው፣ "ያ ጀመዓ፣ ጀማል ያስቀየመው፣ በአፉም በእጁም የበደለው ሰው ካለ አውፍ ይበለው" አሉ። ሰው ሁሉ "አውፍ ብለናል" አለ። ሦስት ጊዜ ጠየቁ፣ ሦስት ጊዜ መለስን። እኔም አብሬ "አውፍ ብያለሁ" አልሁ። ምን በድሎኝ? ዕድሜ ልኬን አንድ ነገር አልበደለኝም። ከዚያ ቆሜ ጠበቅሁ። በሕይወት ያለው ሰው ለሟቹ ይቅር ይላል። ሟቹ ለእኔ ይቅር እንዲለኝ የሚጠይቅልኝ ሰው አልነበረም። አፈር ተመለሰ።

ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ነበርሁ። ሁሴን ሲነጋ ነው የመጣው፤ አሁን ከብት ነጋዴ ነው፣ ሆድ አውጥቷል። ዳዊት አስተማሪ ሆኖ ደሴ ነው ያለው፤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰ። አቀፈኝና ብዙ ጊዜ አልለቀቀኝም። ሦስታችን ጥግ ላይ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ሰው ሲያወራ የነበረውን አልሰማሁም። አሁን ካልተናገርሁ መቼም አልናገርም ብዬ አሰብሁ።

"አንድ ነገር ልንገራችሁ" አልሁ። "ያን ቀን መብራት አልጠፋም። እኔ ነኝ የነቀልሁት። ጀማል ባቲ እንዳይሄድብኝ ብዬ።"

የትኛው ቀን ብለው አልጠየቁኝም።

ሁሴን አየኝ። "አንተ?" አለ። "ስንቱን ሰው ነው እኔ በዚያ መብራት የረገምሁት!" ከዚያ ወደ ዳዊት ዞረ። "ወፍጮው ይሰማል አላልሁም? አላልሁም?"

"ብለሃል።"

"ናፍጣ ነው አልኸኝ!"

"ናፍጣ ነበራ" አለ ዳዊት፣ ሳቁንም ልቅሶውንም መያዝ አቅቶት። አንድ ሽማግሌ ከወዲያ ጥግ ተመለከቱን። አንገታችንን ደፋን።

ሁሴን ለብዙ ጊዜ ምንጣፉን በጣቱ ሲጭር ቆየ። ተቀይሞ ነበር፤ ከልቡ ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመት ነገር ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ክረምቱን ሙሉ የሠራበት እግር ነው። በመጨረሻ፣ "የእግሮቹን አውፍ ብየሃለሁ" አለኝ።

"የአንገቱን እኔም" አለ ዳዊት።

"የጭንቅላቱንስ?" አልሁ።

"እሱ የጀማል ነው" አለ ሁሴን። "የሰው ሐቅ እኔ አውፍ አልልም። አልችልም። ሂድና ለራሱ ንገረው።"

"ይሰማኛል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ኑሩ? አንተ ግን ትናገራለህ።"

ሁሴን አብሮኝ መጣ። መቃብሩ ጋ ስንደርስ እሱ ከዛፉ ሥር ቀረ፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። ሰላምታ ሰጠሁት። ቁጢጥ አልሁ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ልናገር አስቤ ነበር። ተነሥቼ ቆምሁ።

"ጀማል" አልሁ፣ "መብራት አልጠፋም ነበር። እኔ ነኝ።"

ካሰብሁት በላይ ጮክ ብዬ ነበር። ጀሪካን ይዘው በመንገዱ የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ቆም ብለው አዩኝ። ሁሴን አልዞረም።

ደግሜ አልሁት።